ባለ አንድ ወንበሩ አውሮፕላን

ጥቅምት 22
ዝናብ። ልጄ ሶስና ከሥራ መልስ መጣች። ለእናቷ ሙት ዓመት ፎቶ ምረጥ አለችኝ። አፀደ ጥቁሩ የጦር አውሮፕላን ፊት ቆማ የሳቀችበትን ሰጠኋት። ጀርባውን ገለበጠችው...
"አባዬ፣ የእማዬን ጽሑፍ ማነው የሰረዘው?"
እኔ ነኝ። ፎቶውን የተነሳችበትን ከተማ በርሚንግሃም ብላ ጽፋ ነበር። ዋርነር ሮቢንስ ነው እንጂ! መኪናውን የነዳሁት እኔ አይደለሁ? አፀደ ያኔ ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። "ፊደል ያስቆጠርኩህ ለዚህ ነው?" አለች።

ጥቅምት 24
የቆመችበት ቦታ መቆም አማረኝ። ከሙት ዓመቱ በፊት። ለሶስና ነገርኳት።
"እማዬ እኮ በርሚንግሃም ነው ትል ነበር።"
"እናትሽ ብዙ ነገር ትል ነበር።"
"ኦኬ። ቅዳሜ ኦፍ ነኝ፣ እወስድሃለሁ።"

ጥቅምት 28
ዋርነር ሮቢንስ፣ የአውሮፕላን ሙዚየሙ ሄድን። አውሮፕላኑ አዳራሹ ውስጥ አለ! አላልኩም?
"ፎቶው ላይ ግን ደጅ ነው የቆመው" አለች ሶስና።
"አስገብተውት ነዋ!"
የሚያስጎበኝ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ፎቶውን አየና ራሱን ነቀነቀ። ሶስና አስተረጎመችልኝ። ወንድማማች ናቸው አለ። ሁለቱም ለስለላ የተሠሩ፣ ሁለቱም ከጥይት የፈጠኑ። ታላቅየው ኤ አሥራ ሁለት አንድ ሰው ብቻ ይይዛል። ይኼ ታናሹ ኤስ አር ሰባ አንድ ግን ሁለት ሰው ይይዛል፤ አንዱ ፊት፣ አንዱ ከኋላ። መስኮቱን ቁጠር አለኝ። እዚህ ሁለት። ፎቶው ላይ፣ ከአፀደ ራስ በላይ... አንድ።
ታላቅየው የት ነው ያለው? አልኩት።
"ከተሠሩት አንዱ በርሚንግሃም ነው።"
መኪና ውስጥ ሶስና ፎቶውን ገልብጣ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

ጥቅምት 30
ያን ቀን አስታወስኩ። አምና፣ አፀደ ሕመሙ ሲብስባት የንስሐ አባታችን መጡ። ይቅር ተባባሉ አሉን። "ካስቀየምኩህ ይቅር በለኝ" አለችኝ። እግዜር ይቅር ይበልሽ አልኩ። እኔንም ይቅር በይኝ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ምን አደረግኩና ብዬ... ዓይኔን ስታይ ቆየች። ምን እየጠበቀች ነበር?

ኅዳር 5
በርሚንግሃም። አውሮፕላኑ ደጅ ቆሟል፣ ብርድ ላይ። አንድ መስኮት። የቆመችበት ቆምኩ። ባርኔጣዬን አወለቅኩ። "አፀደ፣ ይቅር በይኝ" አልኩ። ጮክ ብዬ። ሶስና ፊቷን አዞረች።

ኅዳር 6
ሙት ዓመቷ ዛሬ ተደረገ። ሰው ሁሉ ፎቶውን አየ፤ ሳቋን አደነቀ። ቤት ገብቼ ገለበጥኩት። ጽሑፏን ከስርዙ ሥር ፈለግኩ። ጠንክሬ ነው የሰረዝኩት... አንድ ፊደል እንኳ አይታይም። ከሥሩ በርሚንግሃም ብዬ ጻፍኩ። "ሚ" ጠመመችብኝ። የምታርመኝ የለችም።