የኤሌኒ ፀጉር

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

መድኃኒቱን ከወሰድኩ ሁለት ቀን። አፌ ብረት ብረት ይላል። ባለቤቴ አዳነ ከእንጨት ሥራው ቶሎ ገብቶ ልብስ አጠበ፤ አሰጣም። የፀዳ ሰፈር ሰው ሁሉ እያየው!

ወንድሜ ባዬ ከድብ ባሕር ደወለ። ቅዳሜ ገበያ ሲወጣ ነው ኔትወርክ የሚያገኘው።

«አለሽ?»

«አለሁ፣ አያ ባዬ።»

«የላክሁልሽን በሶ ጠጣሽው ወይስ ለአይጥ ሰጠሽው?»

«ጠጣሁት።»

«ውሸታም። ፀጉርሽ ሲበቅል እመጣለሁ። አሁን መላጣሽን አላይም፤ አባታችንን ነው የምትመስይ።»

ጡቴ የወጣበት ጠባሳ እስኪያመኝ ሳቅሁ።

ኅዳር 11

አዳነ ትናንት አዘዞ ሥራ አለ ብሎ አድሮ መጣ። ጫማው ጭቃ በጭቃ።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ባዬ አልደወለም። ልጄ ኤሌኒ «ኔትወርክ ጠፍቷል አሉ» አለችኝ።

እሷም ዛሬ ተላጭታ ገባች። ያ ሁሉ ፀጉር... «አንቺን ልምሰል ብዬ ነው፣ እማዬ።» ራስ ለራስ ገጥመን ተቃቀፍን። ዓይኗ ቀልቷል። ለእኔ ብላ። ምን አድርጌ ነው እንዲህ ያለች ልጅ የተሰጠችኝ?

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

ዛሬም ስልክ የለም። አዳነ ጢሙን አሳድጓል። ምነው ስለው «መላጨት ሰለቸኝ» አለ። እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል።

ኅዳር 26፣ ሐሙስ

መድኃኒት ወሰድኩ። ሆስፒታል ኮሪደሩ ላይ ተራ ስንጠብቅ አንዲት የገጠር ሴት የኤሌኒን ራስ አየች።

«እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ።»

«አሜን» አለች ኤሌኒ። ቶሎ። ስትባል እንደከረመች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አይ... እናቴን ለመምሰል ነው የተላጨሁት» ብላ ለሴትየዋ ማስረዳት ያዘች።

ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ገጣጠምኩት። የተላጨ ራስ። ያደገ ጢም። አዳነ ያደረበት ሌሊት። ሁለት ቅዳሜ ያልጮኸ ስልክ። እናት አባት የለኝ። ኤሌኒ ፀጉሯን የምትላጭለት ሰው አንድ ነው፤ በሕፃንነቷ ሁለት ዓመት ወስዶ ያሳደጋት።

ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም። እኔም ስንቱን ደብቄያለሁ።

እነሱ ለእኔ ብለው ደበቁኝ፤ እኔም ለእነሱ ብዬ እንዳላወቀ ሰው ሆንኩ።

ታኅሣሥ 3

የት ሄጄ ላልቅስ? ሽንት ቤት ገብቼ ነጠላዬን ነከስኩ። ጉልበቴ፣ ወገቤ፣ ጣቶቼ ሁሉ ያመኛል። ኩባያ ማንሣት ይደክመኛል። «መድኃኒቱ ነው» ይላሉ። እኔም «መድኃኒቱ ነው» እላለሁ።

ታኅሣሥ 9

ደሜን አዩ። ደህና ነው አሉ። ሐኪሙ ግን «በዚህ ድካም የአሥራ ሰባቱን መድኃኒት ልናዘገየው እንችላለን» አለ። አዳነ ቆቡን እየጨበጠ መሬት መሬት አየ። ማዘግየት ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል።

ሲስተር መንበረ ብቻዬን ስታገኘኝ፣ «የሚያስጨንቅዎ ነገር አለ፣ እትዬ ዝናሽ?» አለች።

«የለም።»

አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። ቤት ስገባ እንደ ሌላው ብጥስጣሽ ወረቀቴ ደብተሬ ላይ ገለበጥኩት፦ «የካንሰር ታካሚዎች ድካም፣ ሕመምና እንቅልፍ ማጣት ከሰውነት መቆጣት ጋር ይያያዛል። የቆየ ጭንቀት ይህን መቆጣት ሊያባብሰው ይችላል።»

ከመውጣቴ በፊት ጠይቄያት ነበር። «ታዲያ በሽታውን ያመጣብኝ ጭንቀት ነው?»

«አይደለም። እንዲያ ብለው ራስዎን እንዳይከሱ። ሰውነት ግን ጭንቀት ሲቆይበት፣ ቁስል እንዳለበት ሁሉ የሚቆጣ ጊዜ አለ። ሕክምናውም ያስቆጣዋል። ሁለቱ ሲደራረቡ ይከብዳል።»

እሳት ስንቴ አዳፍኛለሁ... ላዩ አመድ ነው። ሥሩ እየነደደ ያነጋል።

ቤታችን ውስጥ ሦስት ሰው ነው ያዳፈነው።

ታኅሣሥ 11

መርዶ በንጋት ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሥቼ ነጠላዬን አዘቀዘቅሁ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ሁለቱንም ጠራኋቸው።

«መርዶዬን ንገሩኝ።»

«የምን መርዶ?» አለ አዳነ። «ምነው ዝናሽ?»

«የባዬን።»

ኤሌኒ መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ማን ነገረሽ?»

«አንቺ። አሜን ያልሽ ቀን።»

አዳነ ጢሙን እያሻሸ ነገረኝ። ኅዳር 9። ገብስ ሲያጭድ ደከመኝ ብሎ ተቀመጠ። ማጭዱን እንደያዘ... አልተነሣም።

«ብንነግርሽ ተከትለሽው የምትሄጂ መሰለን» አለኝ።

ስሙን እየጠራሁ ጮኼ አለቀስኩ። ጎረቤት ገባ። ሁሉም ያውቁ ኖሯል። የጎን ቤቷ ለተ ማርያም እንባዋን እየጠረገች፣ «እሰይ፣ ተገላገልኩ። አንድ ወር ሙሉ ቤትሽ የምገባው አፌን በእጄ ይዤ ነው። አፌን ታውቂው የለ?» አለች። እያለቀስን ሳቅን።

ታኅሣሥ 12

ትናንት ከሰዓት ተኝቼ ዛሬ ጠዋት ነቃሁ።

ታኅሣሥ 17፣ ሐሙስ

መድኃኒቱን አላዘገዩትም። ድካሙ አለ፤ ጉልበቴም አልተወኝም። ግን ከበር እስከ ባጃጁ ማንም ሳይደግፈኝ ሄድኩ።

«ጭንቀቱስ?» አለች ሲስተር መንበረ።

«ኀዘን አለኝ። ጭንቀቱ ቀለል ብሏል።»

እስክሪብቶዋን ይዛ ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ጻፈች።

ታኅሣሥ 19፣ ቅዳሜ

እሱ በሚደውልበት ሰዓት ስልኩ ጮኸ። የባዬ ቁጥር። ሚስቱ ይርገዱ ናት፤ ገበያ ወጥታ።

«አለሽ?»

«አለሁ» አልኳት።

«አሁን የላክሁልሽ በሶ ደረሰሽ? እሱ ያጨደው ነው። ሸጋ ገብስ ነው።»

ደርሷል። ኤሌኒ በጠበጠችልኝ። የእሷ ፀጉር ጥቁር ጥቁር ማለት ጀምሯል፤ የእኔ ገና ነው። መስታወት ውስጥ አየሁት... እውነትም አባታችንን።

ኩባያውን ጨረስኩት፣ አያ ባዬ። ለአይጥ አልሰጠሁትም።