ስለ ትናንቱ ሬጌ

ያሲር፣

የቤታችንን ቁልፍ ለጎረቤታችን ለእትዬ ገለቴ ሰጥቻቸዋለሁ። ሽሮው ድስቱ ውስጥ ነው፤ አሙቀህ ብላ።

አዲስ አበባ፣ ካሪቢያን ባር ውስጥ ዲጄ ነበርኩ ያልኩህ ውሸት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ብርጭቆ ነው ያጠብኩት፤ ሬጌውንም የሰማሁት በኩሽናው በር በኩል ነው።

ትናንት፣ አንተ ለምነህ ባስቀጠርከኝ ሆቴል፣ ያቺ ጃማይካዊት እንግዳ «እስኪ ያገሬን ሬጌ አጫውትልኝ» ስትለኝ የሙዚቃ ማሽኑን ማብራት እንኳ አቃተኝ። ራሷ መጥታ አበራችው። እኔ ደግሞ ሳላስበው ብርጭቆ መሰብሰብ ጀመርኩ። አየኸው አይደል፣ ታላቁን ዲጄ!

ፍላቂት ከተማ፣ እህቴ ዘንድ ሄጃለሁ። ለባለሆቴሉ አንተ ስለ ውሸቴ ምንም እንደማታውቅ ንገረው፤ እውነትም አታውቅም ነበር።

ሰው ሁሉ ሲስቅ አንተ ብቻ አቀረቀርክ።
ብትስቅ ኖሮ እኔም አብሬህ ስቄ እዚሁ እቀር ነበር።

ምሥጋናው