በስልክ የታወጀ ፈውስ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለቀነአ፣ ሐዋሳ።

እንዴት ሰነበትክ? እኛ በጌታ ቸርነት ደህና ነን። ዝናቡ በርትቶ የሰፈራችን የባኬ ጃማ መንገድ ጭቃ ሆኗል። ልጄ ኡርጂ ፈተናዋን አልፋለች።

አባባ ለስኳሩ ብለው ጨጓራቸውን በቀዶ ሕክምና ካሳነሱ ወዲህ ስኳሩ ወርዶላቸዋል። ሐኪሙ ግን ክትትል እንዳያቋርጡ፣ እግራቸውንም በየቀኑ እንድናይ አዞን ነበር። አንተ ደውለህ ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች «አባቴ ተፈውሷል» አልካቸው። እነሱም የምስጋና ጸሎት ብለው ቤታችን መጡ፤ በቅቤ የራሰ ወፍራም የጩምቦ ቂጣም ይዘው ነበር።

«ሆዳቸው እኮ አሁን ትንሽ ነው» ብላቸው፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ኦቦ ያደታ «ትንሹስ እምነትሽ ነው» አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አባባ እንግዳ ላለማሳፈር በሉ፤ ከዚያ ጓሮ ወጥተው አስመለሳቸው።

በማግስቱ ጉባኤ ፊት ቆመው ስለ ፈውሳቸው መሰከሩ። አሁን ሐኪም ቤት እንሂድ ስላቸው «በጌታ ፊት የመሰከርኩትን ልካድ?» ይሉኛል። ካልሲያቸውን እንዳደረጉ ይተኛሉ። እግራቸውን ላጥብ ብዬ ውኃ አሙቄ ባቀርብ ይቆጡኛል፤ ካልሲያቸውንም እንዳላየው ራሳቸው ማጠብ ጀምረዋል።

ፈውሱን ያወጅከው አንተ ነህና አንተው መጥተህ እግራቸውን እጠብ።

ጌታ በመንገድህ ይጠብቅህ። ሰላምታዬን ስትመጣ እሰጥሃለሁ።

እህትህ ሌንሳ ተረፋ፣ ነቀምት