ከውሃው መሃል የሚመጣው ጥሪ

ጥር 6፣ ከሰዓት
ዛሬም ደወለ። ከዐስር ሶላት በኋላ፣ እንደ ትናንቱ። ስክሪኑ ላይ የወንድሜ የሰይድ ፎቶ። ካርታው ላይ ነጥብ፦ ሐይቁ መሃል፣ ውሃው ላይ። አነሳሁ። ዝም። ትንፋሽ እንኳ የለም። ወጥቼ ውሃውን አየሁ። ምን ላይ ቆሞ ይደውላል፣ አንቺ ማስታወሻ?
ሰይድ ተፈናቃይ በባጃጅ ጭኖ ወደ አምባሰል እንደወጣ ቀረ። ጦርነቱ ከተማችንን ለቀቀ፣ ኔትወርክ ተመለሰ፣ እሱ የለም።

ጥር 8
አጎቴ መጣ። በሌለበት የሚሰገደው ሶላተል ጋኢብ ይሰገድለት፣ ለቅሶም እንቀመጥ አለ፤ ሬሳ ባይገኝም። እማ ተቆጣች። «ኧረ ወላሂ ፊቱን እያየሁት! የሚደውል ሰው ይለቀስለታል እንዴ?»
አጎቴ ወደ እኔ ዞረ። የምንደዋወልበትን ፕሮግራም ከሚሠሩት አንዷ እኔ ነኛ፤ ቀጣሪዎቼ አ.አ.፣ እኔ እዚህ ሳሎን። ጅን ቢደውልም መልሱ ከእኔ ነው የሚጠበቀው። እስከ ጁምዓ ታገሱኝ አልኩ። ፈርቻለሁ።

ጥር 10፣ ረፋድ
ጥሪውን ያመጣውን መልእክት ከፈትኩት። አንድ መልእክት፣ ውስጡ ብዙ ክፍል፦ ድምፁ በየት እንደሚያልፍ የሚናገር፣ ፎቶ፣ ቦታ። ሁሉም ሁለት ሁለት! ደግሜ ቆጠርኩ።
ገባኝ። እያንዳንዱ ክፍል መለያ አለው። የቱ እንደሚነሳ የመልእክቱ አናት ላይ ያለው ራስጌ በመለያው ይጠቁማል። የእኛ ፕሮግራም ራስጌውን አያይም፤ መጀመሪያ ያገኘውን አፍሶ ይሮጣል። መሃል ያለው አስተላላፊ ኮምፒውተር ደግሞ ከጦርነቱ በፊት ያስቀመጠውን ከላይ ደርቦበታል። ፎቶው የድሮ። ነጥቡም የድሮ፤ ሰይድ ዓሣ ሊያጠምድ በታንኳ የወጣ ቀን። ዝምታውም ከዚያው ነው፤ የድምፁም መንገድ የድሮው ስለሆነ ጆሯችንን የምንደቅነው ማንም በሌለበት።
ትክክለኛውን ፎቶ አወጣሁ። ሲደወል ካሜራው ያነሳውን። ፊት የለም። የሣር ጣሪያ፣ ጭስ ያጠቆረው እንጨት። ቦታው አምባሰል፣ ግሸን ግርጌ። ተኝቶ እየደወለ ይሆን? ቆስሎ? ተስፋ ያዘኝ፣ ክፉኛ።

ጥር 12፣ ከሰዓት
ፕሮግራሙን አስተካከልኩ። ዐስር አለፈ፣ ደወለ። እማ ከጎኔ።
አሁን ድምፅ አለ። ዶሮ። ከዚያ ሴት። የሰይድ እህት እንደሆንኩ ጠየቀችኝ፣ ሰላምታውን አረዘመችው። ቀጥላ፣ አጠገቤ ትልቅ ሰው ካለ እንዳገናኛት። እናቱ ካለች ራቅ እንድል።
መርዶ እንዲህ ነው የሚጀምረው። ምንም አልጠየቅኋትም። ጓዳ ገብቼ በሹክሹክታ የአጎቴን ቁጥር ነገርኳት።
ስመለስ እማ አንገቷን አስግጋለች። «ምን አለ?»
ድምፅ የለውም፣ እማ፣ አልኳት።
«አብሽሪ፣ ነገ ይናገራል።»

ያው ቀን፣ ሲመሽ
አጎቴ ደወለ። በሰይድ ስልክ ስትደውል የሰነበተችው ሴትዮዋ ናት፤ መርዶውን ነገረችው፤ አለቀሰ። ሽማግሌዎቹ ለሱብሂ ይመጣሉ፤ መርዶ በንጋት ነው። እስከዚያ ለእማ አልነግራትም። ቆርጫለሁ።
እማ ራት እያቀረበች ነው። ስልኩን አምጪልኝ፣ ፊቱን ልየው ትላለች። የዛሬው ጥሪ ላይ ያለው ጣሪያ ነው። የተሳሳተውን ክፍል፣ የድሮውን ፎቶ፣ መርጬ ከፈትኩላት።