ለሰላዩ እናት ማን ይንገራት?

ለክቡር የ«ግራጫው ኮት» ፊልሞች አዘጋጅና ዳይሬክተር
ባሉበት አገር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ፣ እንዲሁም በየፊልሙ ገደል እየገቡ እስካሁን ያላለቁት መኪኖችዎ እንደምን ከርማችኋል እያልኩ ሰላምታዬን ከሰበታ አቀርባለሁ። ጤናና ዕድሜ ይስጥዎ። ዕድሜ መስጠት ለእርስዎም እንግዳ ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ለወደዱት ሰው ከሞተ በኋላም ይሰጡታልና።

በአማርኛ በመጻፌ እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ሰላይዎ ቪክ ሃልደን በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ሰባት ፊልም ሙሉ አማርኛ ሲናገር፣ ሲናደድም እንደ ታክሲ ረዳት ሲሳደብ ስለኖረ፣ አለቃው ቋንቋውን አያውቁትም ብሎ ማሰብ ድፍረት መስሎ ታየኝ። ይህን ደብዳቤ የሚያነቡ የሌላ ከተማ ሰዎች እንዳይደናገሩ ላስረዳ፤ በቪዲዮ ቤታችን ወንዲ የሚባል ልጅ ማይክ ይዞ ከስክሪኑ አጠገብ ይቀመጥና የሃልደንንም፣ የጠላቱንም፣ የሴትዮዋንም፣ ሲያሻው የውሻውንም ንግግር በራሱ አማርኛ እየተረጎመ ያሰማናል። እርስዎ ሳያውቁት የቀጠሩት፣ ሳያውቁትም ያልከፈሉት ሠራተኛዎ ነው።

የእኔና የፊልምዎ ትውውቅ በልጄ በኩል ነው። ማቲ የሚባል ልጅ ነበረኝ። ከአለም ገና ሰበታ ባጃጅ ይነዳ ነበር። እሑድ ከሰዓት ቪዲዮ ቤት ገብቶ ስለሚጠፋብኝ፣ ምን እንደሚሠራ ልይ ብዬ አንድ ቀን ነጠላዬን አጣፍቼ ተከትዬው ብገባ፣ ሃልደን ከባቡር ጣሪያ ላይ ሲዘል ደረስኩና ምን እንደሚሆን ሳላይ መውጣት አልሆነልኝም። ከዚያ ወዲያ አብረን መግባት ጀመርን። ጓደኞቹ ቢስቁበትም እሱ አላፈረብኝም። ሃልደን ጥይት ሲዘንብበት ዓይኔን ስሸፍን፣ «ማዘር፣ አትፍሪ፣ አክተር አይሞትም» ይለኝ ነበር። አክተር አይሞትም የሚለው ነገር በአገራችን ቪዲዮ ቤቶች ሁሉ የጸና ሕግ መሆኑን ለክቡርነትዎ ማስታወስ አይገባኝም።

ሥራ ሲጨርስም ከሰፈራችን መታጠፊያ ላይ ሆኖ ይደውልልኝ ነበር። የግቢያችን በር ከውስጥ የሚቀረቀር ስለሆነ፣ ተሳፋሪ ጭኖም ቢሆን ጮክ ብሎ «ማዘር፣ ደርሻለሁ፣ በር ክፈቺ» ይላል። በዚህች ንግግሩ ሰፈሩ ሁሉ ይቀልድበት ነበር፤ ወንዲማ ድምፁን አስመስሎ ይጠራኝ ነበር።

በስድስተኛው ፊልም ሕጉን አፈረሱት። ሃልደን ድልድይ ላይ ፈነዳ፣ ሳጥን ወጣ፣ ተቀበረ። እናቱ የተባለች ሽበታም ሴት በጥቁር ጃንጥላ ሥር ቆማ በዝናብ ስታለቅስ አሳዩን። እሷን ሳይ እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ማቲ ግን ሳቀብኝና፣ «ማዘር፣ በሚቀጥለው ይመለሳል፤ እንዲያውም እናቱ በር ስትከፍትለት እናያለን» አለኝ። የበሩን ነገር ቃል የገቡት እርስዎ አይደሉም፣ እሱ ነው። ይህን አልክድም።

ሰባተኛው ፊልም ሳይመጣ፣ በጥቅምት፣ ገልባጭ መኪና ባጃጁን ገጨው። ልጄ ሞተ።

ስለዚህ አዲሱ ፊልምዎ ሰበታ ሲደርስ ጥቁሬን እንደለበስኩ ሄድኩ። ሐዘንተኛ ቪዲዮ ቤት ገባች ተብሎ እንደሚወራ አውቅ ነበር፤ ተወራም። ጎረቤቴ ፈቲያ «የሺዬ፣ ሰው ምን ይልሻል?» ብላ በሩ ድረስ ስትለምነኝ ቆይታ፣ እንደማልመለስ ባየች ጊዜ «በይ እንግዲያው ብቻሽን አትገቢም» ብላ ከእኔ ቀድማ ገባች። እኔ የሄድኩት ለአንድ ነገር ነበር። የሃልደን እናት በሩን ስትከፍትለት ፊቷን ለማየት። ማቲ ያላየውን አይቼለት ልመለስ ነበር።

አሁን አስተያየቴን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፤ ስለ ኮቱ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ሃልደን ከባሕር ወጣ፣ በጭስ ማውጫ ገባ፣ የዱቄት መጋዘን ፈነዳበት፣ ኮቱን ግን አንዲት የቆሻሻ ነጥብ እንኳን አልነካችውም። በክረምት ከሰበታ ጭቃ ጋር የምንታገል እናቶች ሳሙናውን እንዲጠቁሙን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ሁለተኛ፤ ክፉው ሰውዬ ሃልደንን ወንበር ላይ ካሰረው በኋላ፣ ወዲያው እንደ መግደል፣ ከተማውን እንዴት እንደሚያጠፋ፣ በየትኛው በር እንደሚገባ፣ የመክፈቻውን ቁጥር ሳይቀር በትዕግሥት ያስረዳዋል። ፈቲያ «ወላሂ ይህ ሰው አስተማሪ ነበር፤ ተማሪ አጥቶ ነው እዚህ የገባው» ብላ ከፊት ያሉትን ሁሉ አሳቀቻቸው። ለማስተማር ሙያ ያሳዩትን ክብር እናደንቃለን።

ሦስተኛ፤ ገልባጩ። በፊልሙ መካከል ጠጠር የጫነ ገልባጭ ሃልደንን ይገጨዋል፣ ሃልደን ይበራል፣ አስፋልት ላይ ያርፋል፣ ይነሣል፣ የሸሚዙን እጅጌ ያስተካክላል። ቪዲዮ ቤቱ አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም፤ ነገር ግን ለክፋት አይያዙብኝ፣ እጄን ፈቲያ ይዛው ስለነበር ነው። ሃልደንን ያከመው ሐኪም ማን እንደሆነ ቢነግሩን ግን ባለውለታዎ እንሆናለን። ለእኔ ሳይሆን፣ ዛሬም በዚያ መንገድ ዳር ባጃጅ ለሚጠብቁት።

አራተኛ፤ ሰውየው እንዴት እንደተመለሰ በሚገባ ተብራርቶልናል። ድልድዩ ሲፈነዳ ወንዝ ውስጥ ወድቆ ነበር። ከዚያም በአንዲት ደሴት ዓሣ ሲያጠምድ ከረመ። ጢሙ ብቻ አደገ። በሳጥኑ ውስጥ የተቀበረው ሌላ ሰው ነው ተባለ። ያ ሌላው ሰው የማን ልጅ እንደሆነ ግን በፊልሙ ስላልተነገረን፣ ሰዓት አጥሮዎት ይሆናል ብዬ አልፌዋለሁ። ሰዓቱማ እንዳልበቃዎ የሚያሳየው፣ ጀልባዎቹ እርስ በርስ ሲሳደዱ ወንዲ የሚተረጉመው ንግግር አጥቶ ሻይ ጠጥቶ መመለሱ ነው።

አምስተኛው፣ ዋናው ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ ቢታገሡኝ እወዳለሁ።

ሃልደን ወደ ከተማው ተመልሶ እንደገባ በመጀመሪያ የሄደው ወደ አለቃው ነው። ደግ አደረገ፤ መሥሪያ ቤት ነው። ቀጥሎ ወደ ሆቴል ሄዶ ቀይ ቀሚስ የለበሰችውን ሴት ጠየቀ። ይሁን፤ ወጣት ነው፣ ምንም እንኳን ጉልበቱ ሲታጠፍ ድምፅ የሚሰጥ ወጣት ቢሆንም። ከዚያ ልብስ ሰፊውን ጠየቀ፤ ልብስ ሰፊው አቅፎት አለቀሰ፣ ኮቱን አወጣለት። ክቡር ሆይ፣ ልብስ ሰፊውን ጠየቀ። እናቱን አልጠየቀም።

አሁን አሁን ይመጣል እያልኩ ጠበቅሁ። ጀልባ አለፈ፣ ሄሊኮፕተር አለፈ፣ በረዶ ያለበት ተራራ አለፈ። ለልብስ ሰፊው እንባ ቦታ የተገኘለት ፊልም፣ ከባሕር ሥር የተደበቀ መርከብ ፈልጎ የሚያገኝ የስለላ መሥሪያ ቤት፣ የአንዲትን አሮጊት ቤት ማግኘት አቃተው። ሴትዮዋ ዛሬም ድረስ እዚያ ጃንጥላ ሥር እንደቆመች ናት ማለት ነው፤ ማንም አልነገራትም።

በእኛ ዘንድ መርዶ የሚባል ሥርዓት አለ። ሰው የሞተበት ሰው ወሬውን በስልክም፣ በመንገድም፣ ብቻውንም እንዲሰማ አይደረግም። ጎረቤትና የእድር ሰው ገና ሳይነጋ ተሰብስቦ፣ አንድ ላይ በር አንኳኩቶ ገብቶ ይነግረዋል፣ ሲወድቅ የሚይዘው ሰው እንዲኖር። ለእኔም እንዲህ ተደርጎልኛል። በሩን ስከፍት ሁሉም ቆመው ነበር፤ አንድም ሰው አፉን ሳይከፍት ገባኝ። የሰላይዎን እናት ነገር ሳስብ ግን፣ ለሞት እንዲህ ያለ ሥርዓት ካለን የሞተው ተመልሶ ሲመጣስ የሚነግረው ማን ነው የሚል ጥያቄ መጣብኝና የእድራችንን ዳኛ ኦቦ ኦዳን ሄጄ ጠየቅኋቸው። ኦቦ ኦዳ በሥራቸው ቀልድ አያውቁም። «ያ ዋቃ!» ብለው ፈጣሪን ጠርተው፣ አገጫቸውን ይዘው ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ ነገሩ በደንባችን እንደሌለ፣ ነገር ግን ድንኳን የተተከለለት ሰው በሕይወት ቢገኝ፣ ድንኳኑን የተከሉት ራሳቸው ተሰብስበው ሄደው ለእናቱ መንገር እንዳለባቸው፣ አብሮ ያለቀሰ ሁሉ አብሮ መሳቅ እንደሚገባው፣ የቀረም እድርተኛ እንደ ቀብር ቀሪ እንደሚቀጣ ፈረዱ። በዚህ ፍርድ መሠረት እርስዎና መሥሪያ ቤትዎ በሙሉ ቀሪ ናችሁ።

ክቡርነትዎ፣ ከሞት መመለስ እንደማይቻል ሊያስረዱኝ አይድከሙ፤ ይህን ከእርስዎ የተሻለ አውቃለሁ። ፊልም መሆኑንም አውቃለሁ። የምለው፣ በፊልም እንኳን ቢሆን፣ መመለስ ማለት ወዴት እንደሆነ ይታወቅ ነው። ወደ መሥሪያ ቤት የሚመለስ ሰው ሥራ ገባ ይባላል እንጂ ተመለሰ አይባልም።

የመጨረሻውን ትዕይንት በተመለከተ ደግሞ ልዩ ምስጋና አለኝ፤ ምስጋናው ግን ለእርስዎ አይደለም። መጨረሻ ላይ ሃልደን መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ስልኩን ያነሣል፣ አጭር ነገር ይናገራል፣ ፈገግ ይላል፣ መስኮቱ ይጨልማል። ከፊቱ እንደገባኝ የሚያናግረው ያንኑ አለቃውን ነው፣ ወይም ባለ ቀይ ቀሚሷን። ወንዲ ማይኩን ይዞ ወደ ስክሪኑ ሳይሆን ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ ሃልደን በሰበታ ቪዲዮ ቤት፣ ሰፈሩ ሁሉ በሚያውቀው ድምፅ፣ «ማዘር፣ ደርሻለሁ፣ በር ክፈቺ» አለ።

ማንም አልሳቀም። ፈቲያ ነጠላዬን ጎትታ ፊቷን ጠረገችበት፤ ጨዋነቷን አውቃለሁና የራሷ ሻርፕ ጠፍቶባት ነው ብዬ ዝም አልኳት። ከሰባቱ ፊልሞችዎ ውስጥ እንደ ሰው የተነገረች አንዲት ቃል ብትኖር ይህች ናት፤ እሷንም እርስዎ አልጻፏትም።

በተረፈ ፊልሙ መልካም ነው። ሙዚቃው ጆሮ ያደነቁራል፣ መኪናው ያምራል፣ በረዶው ነጭ ነው። ስምንተኛውን ሲሠሩ አንዲት ደቂቃ ብቻ እለምንዎታለሁ። ከጀልባዎቹ ላይ ቢቀንሱ የሚጎዳ የለም፣ ወንዲም ቢሆን ሻዩን በኋላ ይጠጣል። በሩ ይንኳኳ፤ ትክፈትለት። ከዚያ በኋላ እንደፈለጉ ያፈንዱት።

ጊዜዎን ወስጄ በእግርዎ ሥር ያኖርኩትን ይህን ትንሽ አቤቱታ በታላቅ ትዕግሥት እንደሚያነቡት፣ ባያነቡትም በታላቅ ክብር እንደሚጥሉት በማመን፣ ለጥበብዎ፣ ለፈንጂዎችዎና ለማይቆሽሸው ኮት ያለኝን አድናቆት ደግሜ እየገለጽኩ፣

አክባሪዎ
የሺወርቅ፣ የማቲ እናት
ሰበታ

ማስታወሻ፦ ለእናትየዋ የምትሆን ተዋናይት ካጣችሁ እኔ አለሁ። ልምምድ አያስፈልገኝም፤ ዛሬም ባጃጅ መታጠፊያው ላይ ፍጥነቱን ሲቀንስ በሰማሁ ቁጥር መቀርቀሪያውን ለማንሣት ተነሥቼ እሄዳለሁ። ጃንጥላውንና ዝናቡን ግን ለራስዎ ያስቀሩት፤ እኛ በፀሐይም እናለቅሳለን።