የፍቅርተ ወገብ እና የአዳራሹ ወንበሮች

ለተከበሩ አቶ ትእዛዝ
የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ
ደብረ ታቦር

ክቡርነትዎ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? በተለይ ወገብዎ ደህና ነው? የእርስዎ ወገብ ደህና ከሆነ የሠራተኛውም ጤና እንደተሟላ ስለሚቆጠር፣ ሰላምታዬን ከዚያ መጀመሬን በድፍረት እንዳያዩብኝ እለምናለሁ።

እኔ የመዝገብ ቤቱ ሙሉሰው ነኝ። የምጽፍልዎም ስለ ጸሐፊዎ ስለ ፍቅርተ ነው። ሁልጊዜ ጎብጣ ስለምትተይብ ፊቷን ባያስታውሱ እንኳ ጀርባዋን ያውቁታል።

1. መደገፊያው የተገነጠለ ወንበር ስለሰጧት እናመሰግናለን። ጠረጴዛው ደረቷ ድረስ ስለሚደርስ ወንበሩ ላይ አሮጌ ፋይሎች አነባብራ፣ እግሯ ወለሉን ሳይነካ፣ አንገቷን ወደ ኮምፒውተሩ አስግጋ ዓመታት ሠርታለች። ወገቧን እንዳመማት ልትነግርዎ ስትገባ፣ «የጋፋት ገበሬ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ያጭዳል፤ አንቺ ተቀምጠሽ አመመኝ ትያለሽ?» ማለትዎን፣ በሩ ክፍት ስለነበር ሁላችንም ሰምተናል። ለገበሬው ያለዎት ክብር አስደንቆናል።

2. ለስብሰባ አዳራሹ ስለገዟቸው ተሽከርካሪ የቆዳ ወንበሮችም ምስጋናችን ወሰን የለውም። ማንም ስላልተቀመጠባቸው ላስቲካቸው እንኳ አልተነሣም፤ ጤንነታቸው ያስቀናል።

3. ባለፈው ሰኞ የፍቅርተ ወንበር እግሩ ተሰብሮ ወደቀች። ከወለሉ ያነሣናት እኔና የጥበቃ ሠራተኛው ሞላ ነን። «ሙሌ፣ እግሬ አይሰማኝም» አለችኝ። እርስዎም ከቢሮዎ ብቅ ብለው፣ «ወንበሩን ማን ሰበረው?» ብለው ጠየቁን።

ቁጥሩን እዚህ ላይ ላቁም፤ የቀረው በተራ ቁጥር አይነገርም። ሐኪሙ የጀርባዋ ዲስክ ተንሸራቷል ብሎ እንድትተኛ አዟታል። ትናንት ልጠይቃት ሄጄ ነበር። ገና የሚድህ ልጇ እያለቀሰ እጁን ሲዘረጋላት፣ ልታነሣው ስላልቻለች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ በኋላ ቤቴ መግባት አልሆነልኝም። ቢሮ ተመልሼ ከአዳራሹ አንድ ወንበር አወጣሁ፤ ላስቲኩን ቀድጄ በፍቅርተ ቦታ አስቀመጥሁት። ዛሬ ጠዋት በዲሲፕሊን እንደሚከሱኝ ነግረውኛል። ይክሰሱኝ። ወንበሩን ግን አልመልሰውም፤ ስትድን ትቀመጥበታለች።

ወገቡ እስካሁን ቀጥ ብሎ በመቆሙ ይቅርታ የሚጠይቅ፣ የእርስዎን ረጅምና ምቹ ዘመን የሚመኝ፣

ሙሉሰው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሠራተኛው ሁሉ «የሥራ ቦታ ጤንነት» ሥልጠና ላይ ሳይቀር እንዲገኝ ያስተላለፉት ጥሪ ለፍቅርተም ደርሷታል። ተኝቶ መከታተል ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቅልኝ ብላኛለች።