እማዬን ድንበር ያሻገርኩበት ዓመት

ኦክቶበር 12፣ ረቡዕ

ከምሠራበት ዳቦ ቤት ስወጣ የተረፈውን የፕሪም ኬክ ለእማዬ ይዤላት ወደ አረጋውያን መንከባከቢያው ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ነበር። "አኒ፣ ዝናቡ አላበሰበሰሽም?" አለችኝ። በስሜ! ሌላው ሰው ሁሉ አኔግሬት ይለኛል፤ ለእሷና ለወንድሜ ከልጅነቴ ጀምሮ አኒ ነኝ። ኬኩን በጣቷ እየቆረሰች በላች። ከዚያ አባዬ ከሥራ መቼ እንደሚገባ ጠየቀችኝ። ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ። "ዛሬ ትንሽ ያመሻል" አልኳት።

ስወጣ የመንከባከቢያው ጸሐፊ ደብዳቤ ሰጠችኝ። ከጃንዋሪ ጀምሮ ክፍያው ይጨምራል። በወር ከኪሳችን የሚወጣው ሦስት ሺህ ዩሮ ሊጠጋ ነው። የእማዬ ጡረታ ግማሹን አይሞላም፤ የቆጠበችውም እስከ ገና ቢደርስ ነው። ከዚያ በኋላ? መንግሥት ይከፍላል… ግን መጀመሪያ ቤቱ ተሽጦ ገንዘቡ ማለቅ አለበት። አባዬ በገዛ እጁ የሠራው ቤት። እኔም የምኖርበት።

ኦክቶበር 16

ፎልከር ደወለ። ወንድሜ ሃምቡርግ ተቀምጦ ሁሉም ነገር ይቀለዋል።

"ሽጪውና ተገላገይ።"

"እኔስ? ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። የት ልግባ?"

"እንደ ሰው ሁሉ ትከራያለሻ! ቤቱ የእማዬ ነው አኒ፣ ያንቺ አይደለም።"

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። እውነቱን ስለተናገረ ይሆን?

ኦክቶበር 30

አንዲት ደንበኛችን ባሏን ፖላንድ ያለ መንከባከቢያ አስገብታዋለች። በግማሽ ዋጋ። "እዚያ በቂ ሰው አላቸው፤ አጠገቡ ቁጭ ብለው ነው የሚያጎርሱት" አለችኝ።

እማዬን? ፖላንድ? የተወለደችው እዚያ ነው እኮ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመኖቹን ሁሉ ከዚያ ሲያባርሩ ስምንት ዓመቷ ነበር። ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አንስታልን አታውቅም። እንዲያውም ወደ አገሯ መመለስ ማለት ነው… ማንን ነው የማሳምነው?

ኖቬምበር 5፣ ቅዳሜ

የፖላንዱን መንከባከቢያ አየሁት። ስምንት ሰዓት ነዳሁ። ተራራ ሥር ያለ ንጹሕ ቤት፣ ኮሪደሩ ሾርባ ሾርባ ይሸታል። ቦዜና የምትባል ተንከባካቢ አለች፤ ትከሻዋ ሰፊ፣ ጀርመንኛዋ ስብርብር ያለ። እያንጎራጎረች የአንዲት አሮጊት ፀጉር ትጎነጉን ነበር። እኛ ከተማ፣ ሃገን፣ የእማዬን ፀጉር ረጋ ብሎ የሚያበጥርላት የለም። ጊዜ የላቸውም።

የእማዬ ጡረታ ይበቃል፤ ትንሽ እኔ እጨምርበታለሁ። ቤቱም ይተርፋል። ፈረምኩ።

"በወር ሁለቴ እመጣለሁ" አልኳት ቦዜናን።

"ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት" አለችኝ እየሳቀች።

ለፎልከር ነገርኩት። ዝም አለ። ከዚያ "አንቺ ካልሽ…" አለ። እሱንም ገላገልኩት መሰለኝ።

ዲሴምበር 1

ልብሷን ሳጣጥፍ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች።

"ስንት ኪሎ ነው የሚፈቀደው?"

"የፈለግሽውን ያህል፣ እማዬ።"

"አይደለም። ሃያ ኪሎ ነው። አሻንጉሊቷን ተዪያት፤ እናቴ ትቆጣለች።"

ወደ ስምንት ዓመቷ፣ ወደተባረሩበት ቀን ተመልሳለች። ማቆም እችል ነበር። ሻንጣውን መፍታት፣ ፎልከር ጋ ደውዬ "ልክ ነህ፣ ይሸጥ" ማለት… ዚፑን ዘጋሁት።

ድንበሩ ላይ ወንዙን ስንሻገር የፖላንድኛውን ጽሑፍ አየች። ማንበብ ገና አልጠፋትም። መሪ የያዘ እጄን ጭምድድ አድርጋ ያዘችኝ። "ምን አጠፋን?" አለች። ማታ ለቦዜና አስረከብኳት።

ዲሴምበር 4

ጣሪያው ያፈሳል። ጠጋኝ ጠራሁ፣ የራሴ ቤት ይመስል።

ጃንዋሪ 22

አልሄድኩም። በረዶ። ከዚያ በፊት የገና ሰሞን ሥራ፣ ከዚያ ጉንፋን… ሰበብ መቼ ያልቃል። ስደውል ቦዜና ስልኩን እማዬ ጆሮ ላይ ታደርግላታለች፤ ትንፋሿን እሰማለሁ። "እማዬ፣ አኒ ነኝ።" ትንፋሽ ብቻ። "ፈገግ አለች" ትለኛለች ቦዜና። ለእኔ ብላ እየዋሸች ይሆን?

ማርች 11፣ ቅዳሜ

በመቶኛው ቀን ሄድኩ። ፊቷ ሞላ ብሏል። ፀጉሯ ተጎንጉኗል። ከወንበሯ ተነስታ እጇን ዘረጋችልኝ።

"እንኳን ደህና መጡ። ማንን ፈልገው ነው?"

እርስዎ። እናቴ "እርስዎ" አለችኝ።

"እኔ ነኝ፣ አኒ።"

"ልጄም ስሟ አኒ ነው" አለች በትሕትና። "አሁን ትምህርት ቤት ናት። ትንሽ ከቆዩ ያገኟታል።"

ቆየሁ። ትንሿ አኒ አልመጣችም።

መኪናው ውስጥ… አለቀስኩ አልልም። ጮህኩ። የመርሳት በሽታው ነው፤ የትም ብትሆን አይቀርም ነበር ይላል ሐኪሙ። ይሆናል። ግን ስትረሳኝ አጠገቧ አልነበርኩም።

ኤፕሪል 19

ቤቱን ለሽያጭ አወጣሁት።

"አሁን?" አለ ፎልከር። "አሁን ምን ይሠራል?"

"ላመጣት ነው።"

"አኒ…" አለ። "እሺ። እኔም ያኔ ዝም ማለት አልነበረብኝም።"

ሊያዩት ባልና ሚስት መጡ። ሚስትየዋ እርጉዝ ናት። የደረጃውን እንጨት እየዳበሰች "ማን ነው የሠራው?" አለችኝ። ነገርኳት። ይገዙታል።

ጁን 10

እዚህ ሃገን፣ ከዳቦ ቤቱ ሁለት ፌርማታ ርቀት ላይ አንድ አልጋ አገኘሁላትና ላመጣት ሄድኩ። ሻንጣውን ከቁም ሣጥኑ ሳወርድ ሮጠች። እማዬ፣ በዚያ ጉልበቷ፣ ሮጠች! ቦዜና ወገብ ላይ ተጠመጠመች።

"አልሄድም! ሁለተኛ አታስወጡኝም! ንገሪያት፣ አልሄድም በያት!"

የምትጮኸው በእኔ ላይ ነው። አስወጪዋ እኔ ነኝ።

ከተረጋጋች በኋላ ቦዜና ወጥ ቤት አስገብታ ሻይ ቀዳችልኝ።

"ተቆጪኝ እንጂ" አልኳት።

"ምን ብዬ? ዘጠኝ ዓመት ጀርመን የሰው እናት ሳጥብ፣ የእኔን እናት ጎረቤት ነው የቀበራት።" ስኳሩን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። "ለራስሽ ብለሽ ነው ያመጣሻት። አሁን ደግሞ ለራስሽ ብለሽ አትውሰጃት።"

ሻንጣውን ቁም ሣጥኑ ላይ መለስኩት። ብቻዬን ተመለስኩ።

ጁላይ 14

ቁልፉን አስረከብኩ። ገንዘቡ በእማዬ ስም ገባ። እዚያው ፖላንድ ለብቻዋ ክፍል ይሰጧታል፣ ተራራው ፊት ለፊት የሚታይበት። ዳቦ ቤቱን ለቀቅኩ። ገርሊትስ፣ ድንበሩ ላይ ያለች የጀርመን ከተማ፣ ሁለት ክፍል ተከራየሁ። "እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?" አለ ፎልከር። እዚያም ሰው ዳቦ ይበላል።

ሴፕቴምበር 3፣ እሑድ

ከገርሊትስ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት አይሞላም። በየእሑዱ እሄዳለሁ። እንግዳ ነኝ። እርስዎ እንባባላለን። ለመድኩት ልበል?

ዛሬ ግቢው ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ለወጥ ቤቱ ባቄላ ፈለፈልን። ጣቶቿ ከእኔ ይፈጥናሉ።

"እሑድ በመጣ ቁጥር አይቀሩም" አለችኝ። "ዘመድ የለዎትም?"

"እናት አለችኝ።"

"ታዲያ እሷን ትተው እኛ ጋ ምን ያደርጋሉ?"

ዝም ማለት እችል ነበር። ደከመኝ ዝምታው።

"ሩቅ ወሰድኳት። ሳልጠይቃት። ቤቱ እንዳይሸጥብኝ ብዬ።"

ቀና አላለችም። ፈለፈለች። ፈለፈለች። የረሳችው መሰለኝ።

"ነግረዋታል?"

"ምኑን?"

"እንደጸጸተዎ።"

"አሁን ነው የነገርኳት።"

"ጥሩ አደረጉ። እናት እኮ…" ቃሉ ጠፋት። ፈለገችው፣ በከንፈሯ ሞከረችው፣ አጣችው። ከራሷ ሳህን አንድ እፍኝ ባቄላ አነሳችና እኔ ሳህን ላይ ጨመረችልኝ።

"የእርስዎ አነሰ" አለችኝ።